አራተኛው ካንዴላ

በዚያ ቤት ሁለት መኪና ነበር፤ የእሱና የእሷ። የእሱ በግቢው ጥግ ከበረንዳው ሥር የምትቆም፣ ጣሪያዋን ፀሐይ ያገረጣት ሰማያዊ አሮጌ የቤት መኪና ናት። የእሷ ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች የልብስ ስፌት መኪና። ትዳራቸውን ሙሉ በዚሁ ሲቃለዱ ኖረዋል። እሱ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ «መኪናሽ እንዴት ዋለች?» ይላታል። እሷም ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ «የኔማ ስትሮጥ ዋለች፤ ያንተ ናት እንደ እመጫት ተኝታ የምትውል» ትለዋለች።

ባልየው የፋብሪካ ሰርቪስ ሹፌር ነበር። ጠዋት ሠራተኛውን ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣል፣ ማታ መልሶ ይበትነዋል። በር ላይ የሚጋፋውን ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ኧረ ቀስ በሉ» ስለሚል ሠራተኛው ቀስበሉ ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም እስከ ሰፈሩ ድረስ ተከትሎት ገባ። ሚስትየዋ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ወርክሾፕ ትሠራለች። እሷንም እጀ ወርቅ ይሏታል። የተበላሸ ኮሌታ፣ የተጣመመ ዚፕ፣ ሌላው ተስፋ የቆረጠበት ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

ቀስበሉ በመኪናው ቀልድ አያውቅም። ዘይት የሚቀይረው፣ ካንዴላ የሚፈታው፣ የላላውን የሚያጠብቀው ራሱ ነው። ሚስቱ እንኳ ጠጋ ስትል «ዞር በይ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» ይላታል። ለቀሚሷ አዝኖ እንዳልሆነ ታውቃለች። ስቃ ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ወድቆ አገኘችው። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ከሰነበተ በኋላ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሌላ ሰው ይመስል ከጎኑ ተንጠልጥለው ወደ ቤት መጣ። ከአፉም የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ነገ»።

ውሃ ሲፈልግ «ነገ» ይላል። ወገቡን ሲያመው «ነገ»። ሚስቱን ሲጠራ «ነገ»። ከቃል ሁሉ ለምን ይህቺ ብቻ እንደተረፈች ሐኪሙም አላወቀም። «ከአንጎሉ የንግግሩ ቦታ ነው የተጎዳው» አላት። «እንዲህ አንዲት ቃል ብቻ የምትቀርላቸው አሉ። እሱም መርጦ አይደለም የሚላት።»

«እኛ የምንለውን ግን ይሰማል?» አለችው።

«መስማቱንስ ይሰማል። ምን ያህሉ እንደሚገባው ግን አፌን ሞልቼ አልነግርሽም።»

ይህንን መልስ እያንዳንዱ እንደ ልቡ ተረጎመው። የባሏ ታናሽ ወንድም «ምንም አይገባውም፤ እንደ ሕፃን ቁጠሪው» አለ። ሊጠይቁ የሚመጡ ጎረቤቶች «መቼ ነው የምትነሳልን ጋሼ?» ይሉታል፤ እሱ «ነገ» ሲል መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እሷ ግን ይገባዋልም አይገባውምም ብላ አልቆረጠችም። አንዳንድ ቀን ዓይኑን ስታየው ሰውየው ቤቱ ውስጥ ያለ ይመስላታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በሩን ዘግቶ የሄደ።

ተስፋ የነበረው ሰኞ ሰኞ ነው። ሰኞ ፊዚዮቴራፒ አለው። ታናሽ ወንድሙ ሰማያዊዋን መኪና እየነዳ ይወስዳቸዋል። የምታሠራው ባለሙያ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የአሮጊት ነው። መደገፊያ ብረቱን በግራ እጁ አስይዛ፣ ወገቡን ደግፋ ታቆመዋለች። አንድ ሰኞ ማንም ሳይደግፈው ለትንፋሽ ያህል ቆመ። ሚስቱ ያን ቀን ወርክሾፕ ስትገባ ያለወትሮዋ ስትዘፍን ሰምተዋታል።

ከዚያ መኪናዋ ታመመች። ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ታስላለች፣ በመጨረሻም መንገድ መሃል ቀጥ አለች። ገፍተው ግቢ ካስገቧት በኋላ ወንድምየው ኮፈኗን ከፍቶ አየና «ካንዴላዎቿ ናቸው፤ እሳቱን የሚጭሩት ደክመዋል» አለ። «መካኒኩን ቤት እልከዋለሁ።» መካኒኩ እመጣለሁ አለ። ዛሬ ነገ ሲል ሰኞዎቹ አለፉ። አንድ ጊዜ ታክሲ ሞከሩ፤ ባለታክሲው ሰው ተሸክሞ ማስገባትና ማውጣት እንዳለበት ሲያይ መልሶ ሊወስዳቸው ሳይመጣ ቀረ፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ከሆስፒታል ደውለው «ካልመጣችሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው» አሏት።

«በቃ» አለች ለራሷ። «ካንዴላ ነው እንጂ ልብ አይደል የሚቀየረው።» እሱ ሲቀይር ስንት ጊዜ ከሩቅ አይታዋለች። ደግሞም እጅ እንደሆነ አላት፤ አገር የመሰከረለት እጅ።

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ከባሏ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ያገኘችውን አሮጌ ካንዴላ በመሀረብ ጠቅልላ መለዋወጫ ሱቅ ገባች። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካንዴላውን አገላበጠው።

«አራት ነው የምትፈልጊው?»

«አራት።»

«ማነው የሚቀይረው?»

«ባለቤቴ።»

«ያውቅበታል?»

«ከሱ በላይ የሚያውቃት የለም» አለች። ይህ ውሸት አልነበረም።

ባለሱቁ ሣጥኖቹን እያወረደ፣ «ሞተሩ ቀዝቅዞ ይፍታው በይው። አዲሱን ሲያስገባ መጀመሪያ በጣቱ ያዙረው፤ በመፍቻ እንዳይጀምር። ሲፈታ እምቢ ያለው ካለ ደግሞ አይታገል» አላት።

እምቢ ካለ ታዲያ ምን ያድርግ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ባለቤቴ ያውቃል ካለች በኋላ ግን ጥያቄው አሳፈራትና ዋጠችው።

እሑድ ጠዋት ባሏን አጥባ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ፣ በረንዳው ላይ ባለመደገፊያ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። በረንዳው ከፍ ያለ ነው፤ መኪናዋ ከሥሩ ስለምትቆም ኮፈኗ ሲከፈት ሞተሩ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። እሷ ከወዲያ ማዶ፣ ሞተሩን መሃል አድርጋ ፊት ለፊቱ ቆመች። የቤት ውስጥ ሽርጧን ታጥቃለች።

«ዛሬ ቀሚሴ ቢቆሽሽም ግድ የለኝም» አለችው። «አንተ እያየህ እኔ ልሥራ። ስሳሳት ተቆጣኝ።»

«ነገ» አላት፤ ለስለስ አድርጎ።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታች። ከዚያ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱትን ወፋፍራም ጥቁር ገመዶች አየች። ቦታቸው ቢለዋወጥ መኪናዋ እንደማትነሳ ከባሏ አፍ ሰምታለች። ገብታ አራት ዓይነት ክር አመጣችና በየገመዱ ላይ አሰረች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። ቀና ስትል ቀስበሉ በግማሽ አፉ ፈገግ ብሎ አገኘችው። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ፈገግታ አላየችም።

«ምን ያስቅሃል? ልብስ ሰፊ ቤት የመጣች መኪና እንዲህ ነው የምትያዘው።»

«ነገ።»

የመጀመሪያውን ገመድ ከነላስቲክ ቆቡ ነቀለች። አሸዋና አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በብስክሌት መንፊያ እፍ እፍ አደረገችበት፤ ይህንንም እሱ ሲያደርግ ያየችው ነው። ረጅሙን የካንዴላ መፍቻ ሰክታ ገፋች። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር፤ ቀጥሎ ክርክ አለና ላላ። በጣቷ ጠምዝዛ አወጣችው። ጫፉ እንደ ምድጃ አፍ ጥላሸት ለብሷል። አዲሱን በጣቷ አዙራ፣ ጠመዝማዛ ጥርሱ መያዙ ሲሰማት በመፍቻ ጠበቅ አደረገችው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። በየመሃሉ ታወራዋለች፤ ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ አለቃዋ ወሬ፣ ሰኞ ስለሚሄዱበት። እሱም ቦታ ቦታ እየጠበቀ «ነገ» ይላታል። ለሰሚ ሰው ባልና ሚስት እሑድ ጠዋት ሲጫወቱ ነው የሚመስለው። ለእሷም የመሰላት ይኸው ነው። እንዲህ ደስ ያላት መቼ እንደነበር ማስታወስ አልቻለችም።

አራተኛው ከሁሉም ወደ ኋላ፣ ወደ መስታወቱ በኩል ያለው ነው። መፍቻውን ሰክታ ስትገፋ እንደሌሎቹ ላላ። ትንሽ ዞረ። ከዚያ ጥብቅ አለ። ደግማ ስትገፋ እንደ አሮጌ በር ጮኸ።

«ነገ» አለ ቀስበሉ። ይህኛው ጠንካራ ነበር።

ቀና ብላ አየችው። ከወንበሩ መደገፊያ ተላቆ ወደ ፊት ተስቧል። ግራ እጁን አውጥቶ በአየር ላይ ያዞራል። መፍቻ እንደያዘ ሰው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጣብቆ ያዞራል።

«ላዙረው?» አለችው። እጁን ዓይኗን ተክላ አየችው። ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ ካንዴላ ወደሚፈታበት በኩል። «ልቀጥል ነው የምትለኝ?»

«ነገ፣ ነገ፣ ነገ።»

«እሺ፣ እሺ። ቀጠልኩ።»

የልብስ ስፌት ዘይቷ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ነበር። ጠብ ማድረግ ትዝ አላላትም። ባሏ ግፊ እያለ እያበረታታት ነው ብላ ልቧ ሞቋል። እግሯን አስተካክላ በሁለት እጇ መፍቻውን ይዛ ክብደቷን ጣለችበት። ብረቱ ጮኸ። እሱም ጮኸ፤ «ነገ» እያለ፣ እጁን እያዞረ፣ ወንበሩ እስኪነቃነቅ። እሷም «ይኸው፣ ይኸው መጣ» እያለች ገፋች። በመጨረሻ ላላና ወጣ። ላብ ጠምቋት፣ ስቃ፣ ካንዴላውን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ቀስበሉ እጁን አወረደ። ካንዴላውን አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አንድ ነገር እንደሆነ ያኔ ገባት። ካንዴላውን ወደ ብርሃን አስጠግታ ስታይ ጥርሱ ላይ የሚያብለጨልጭ ስስ ብረት እንደ ክር ተጠምጥሞበታል። ከካንዴላው የወጣ አይደለም፤ ቀለሙ ሌላ ነው። አዲሱን ካንዴላ ወደ ቀዳዳው ከትታ በጣቷ አዞረችው። አልያዘም። ደግማ አዞረችው። እንደ ልብ ይሽከረከራል። ጣቷን ስትለቀው ወደ ጎን ዘመም አለ። ካንዴላው የሚይዝበትን ጥርስ እሷ አብራ ነቅላዋለች።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሙ መጣ። ኮፈኑ እንደተከፈተ፣ ክሮቹ እንደታሰሩ አገኘው። ጎንበስ ብሎ ወደ ቀዳዳው አየ።

«እትዬ፣ ማን ንኪ አለሽ?»

ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ። ይሄኛው ድሮም ጤና አልነበረውም። ወንድሜ ብቻ ነበር የሚችለው። ትንሽ ይፈታውና መልሶ ያጠብቀዋል፤ ዘይት ጠብ ያደርግበታል፤ እንደገና ትንሽ ይፈታዋል፣ እንደገና ያጠብቀዋል። እንደ ሕፃን እያባበለ ነው የሚያወጣው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በጉልበት ልፈታው ስል እጄን በጥፊ መትቶኛል።»

ካንዴላው እጇ ላይ ነበር።

ወደ ማታ ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ እጁን ልታጥብለት ሳህን ይዛ ከጎኑ ተቀመጠች። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ፣ ትከሻ ለትከሻ። ግራ እጁን ሳሙና ቀብታ ስታሸው እጁን ከእጇ መንጭቆ አወጣ። ሁለቱን ጣቶቹን አጣበቀ። ቀስ ብሎ አዞራቸው። አረፋው እየተንጠባጠበ እንደገና አዞራቸው።

አሁን እጁን የምታየው እሱ በሚያይበት በኩል ሆና ነው። ወደ ቀኝ ነበር የሚያዞረው። ወደ ማጥበቂያው። ጠዋት ከማዶ ሆና ስታየው ቀኙ ግራ መስሏት ነው። መልሺው ነው ያላት። አጥብቂው፣ አትፍቺው፣ መልሺው። ቃል ቢያጣ በእጁ ነገራት፤ እሷ ደግሞ በተገላቢጦሽ አነበበችው።

«መልሺው ነበር የምትለኝ» አለችው።

እጁን ማዞር አቆመ። አያት። አስተያየቱ የድሮው የሰርቪስ ሹፌር አስተያየት ነበር፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ የሚያውቀው ሰውዬ። ምንም አልጎደለበትም። ሰውየው ሙሉውን እዚያ ውስጥ አለ።

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ የደስታ ዜና ነበር። እሷም ለአንድ አፍታ ልቧ ዘለለ። ወዲያው ግን ሌላው ሁሉ እየተግተለተለ መጣባት። ይህ ሁሉ ጊዜ ይገባው ነበር ማለት ነው። ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ «ምንም አይገባውም» ሲል ገብቶታል። ጎረቤቶቹ ሲስቁ ገብቶታል። አንድ ቀን እሷ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከወንበሩ ሁለት ክንድ ሳትርቅ፣ ለእህቷ በስልክ እያለቀሰች «ፈጣሪ በገላገለውና በገላገለኝ» ያለችው፣ እሱም ገብቶታል። ያን ቀን «ነገ» ብሎ ነበር። ስልኩን ዘግታ ውሃ አጠጥታው ነበር። ምን ሊላት እንደነበር ከእንግዲህ ማንም አይነግራትም።

ሳህኑን ይዛ ወጥታ ውሃውን ደፋችው። ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች።

መካኒኩ በማግስቱ መጣ፤ ሲለመን ከርሞ አሁን ማንም ሳይጠራው። የእጅ ባትሪ አብርቶ ወደ ቀዳዳው አየና ምላሱን ጠቅ አደረገ። «ቴስታው፣ የሞተሩ ራስ፣ መውረድ አለበት። ወርዶም ጥርስ ማስገባቱን እንጃ፤ እዚህ ጋ ድሮም ተነካክቷል። ለዚች መኪና ሌላ ቴስታ ደግሞ ከየት ይመጣል?» ከዚያ በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ሰው አይቶ «ጋሼ እንዴት ናቸው?» አላት፤ እሱን ሳይሆን እሷን።

«እሱን ጠይቀው» አለችው። «ይሰማል።»

መካኒኩ አፈረና «እንዴት ነዎት ጋሼ?» አለ።

ቀስበሉ አልመለሰለትም። ከዚያች እሑድ ወዲህ «ነገ» ማለቱንም ትቷል። መጀመሪያ ተቀይሞ ነው ብላ ጠበቀችው። ውሃ ስትሰጠው ይጠጣል፣ ስታዞረው ይዞራል፤ አፉን ግን ለመጉረስ ካልሆነ አይከፍትም። ስትሰለቻት የኖረችውን ያቺን ቃል አሁን ጆሮዋ ይፈልጋት ጀመር። ማጀት ሆና የሰማች እየመሰላት ብቅ ትላለች። እሱ ዝም ብሎ ወደ ግቢው ያያል።

ሰማያዊዋን መኪና ወንድምየው በሌላ መኪና አስጎትቶ ወሰዳት። ጋራዥ እንደምትገባ ነው የተነገረው። ሲጎትቷት ባሏን ወደ ጓዳ አስገብታው ነበር፤ የጎማዋ ድምፅ ግን እዚያም ይሰማል። ጋራዥ መግባቷን ማንም አላየም። ወንድምየውም ሲጠየቅ ነገር ያዞራል። እሷ ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ሆስፒታል ብቻዋን በአውቶቡስ ሄደች። ባለሙያዋን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። «ይገባዋል» አለቻት። «ሁሉም ይገባዋል። አሁን ነው ያወቅሁት።»

ባለሙያዋ እጇን ያዘቻት። «እኔም ጠርጥሬ ነበር እናቴ። ለአዎ ዓይኑን ይጨፍን፣ ለአይ ክፍት ይተወው። ቀስ ብላችሁ ተለማመዱት።» ከዚያ ወደ ክፍሉ በር ዞር ብላ አየች። ብረቱን ይዞ የሚቆም ሌላ ሰው አለ። «ቦታው ግን ተይዟል። ክፍት ሲገኝ ይደወልልሻል። መምጫ አላችሁ?»

«የለንም» አለች።

ስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አንስታ አዞረቻት፤ ስትሠራ ጀርባዋን እንዳትሰጠው። ከወርክሾፕ የሚተርፈውን ቤት ይዛ እየመጣች እሱ አጠገብ ትሰፋለች። ዓይን የመጨፈኑን ነገርም ሞከሩት። ውሃ ትፈልጋለህ? አንዳንዴ ይጨፍናል። ይበርድሃል? አንዳንዴ። የሚጨፍነው አዎ ለማለት ይሁን፣ ወይ ደክሞት፣ ወይ እሷን ላለማየት፣ መለየት አትችልም። ውሃውን ታቀርብለታለች፤ አንዳንዴ ይጠጣል፣ አንዳንዴ በከንፈሩ ጥግ ይፈስሳል።

ዋናውን ጥያቄ ብዙ ቀን ስትሸሸው ቆየች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የልጆች ሸሚዝ ኪስ እየሰፋች ሳለ፣ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች።

«ያን ቀን በስልክ ያልኩትን ሰምተሃል አይደል?» አለችው።

ዓይኑን ጨፈነ።

እስኪገልጠው ጠበቀችው። ሸሚዙ ከመርፌው ሥር እንደተያዘ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከውጭ የሚያልፍ ሰው ድምፅ ተሰማና ራቀ። ቀስበሉ ዓይኑን አልገለጠም። እንቅልፍ ይዞት ይሆናል። ጎንበስ ብላ ፊቱን ከቅርብ አየችው፤ እንቅልፍ መሆኑንም፣ አለመሆኑንም ማወቅ አልቻለችም። ስሙን፣ ወላጆቹ ያወጡለትን፣ ቀስ ብላ ጠራችው። ሽፋሽፍቱ አልተነቃነቀም።

ያላለቀ ኪስ አለባት፤ ነገ ጠዋት ሥራ ማስረከብ አለባት። እግሯን ወደ ፔዳሉ መለሰች።